እንግሊዝኛ በገጠር ትምህርት ቤት፤ ያረፉትን ባልደረባችንን በማሰብ



ባልደረባችን ካረፉ እነሆ አንድ ዓመት ሊሞላ ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ በስም ያውቋቸዋል፤ በወላይታ ገጠር ግን መምህራኑም ሆኑ ወላጆች የሚጠሯቸው «ጋሼ» ብለው ብቻ ነበር። በሕይወት ሳሉ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በጽሑፍ እንዲወጣ አይወዱም ነበር። «ስለ ሥራው ጻፉ፤ እኔን ተዉኝ» ይሉን ስለ ነበር፣ እኛም ቃላቸውን አክብረን ስማቸውን ሳንጠቅስ የደከሙበትን ሥራ ልናስረዳችሁ ወደድን። ከእርሳቸው ጋር ያልተስማማንባቸውና በኋላ ግን እርሳቸው ትክክል እንደ ነበሩ የተረዳንባቸው ነገሮችም አሉ፤ እነርሱንም አንደብቃችሁም።

«የመምህሩ ጽሕፈት ነው»

ነገሩን ከአንዲት ተማሪ እንጀምር፤ ጋሼ ይህን ሥራ የጀመሩት ከእርሷ ነውና። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከአረካ ከተማ ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ በ5ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ሲሰጥ ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉ ነበር። መምህሩ ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ከጋሼ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ጽሕፈቷ ያማረ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ያልሳተች ነበረች። ጋሼም በወላይትኛ «ይህ የጻፍሽው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ደብተሯን ደጋግማ ተመለከተችና «የመምህሩ ጽሕፈት ነው» አለቻቸው።

በዚያን ዕለት ወደ ሶዶ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው እንደ ነበር አብሯቸው የነበረው ሾፌራችን ያስታውሳል። ልጅቱ ያደገችው በእንሰት ጓሮ ውስጥ ነው። ጥላ የበዛበት ተክል እንደሚቀጭጭ ከእናቷ ጋር ስትኮተኩት አይታለች። የምታውቀውን ነገር በማታውቀው ቋንቋ ስለ ሰጧት ግን እንደማታውቅ ሆና ተቀመጠች። ጋሼ «ሞኝ አይደለችም፤ እኛ ነን በማትሰማው ቋንቋ ያነጋገርናት» እያሉ ይህን ታሪክ በየስብሰባው ያነሡት ነበር።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

እንደሚታወቀው በሀገራችን እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ዋናውን ስፍራ የያዘው ጣሊያን ከወጣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 6ኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ሲሰጥ፣ ከ7ኛ ክፍል በላይ ግን በእንግሊዝኛ ሆነ። በዚያ ዘመን የወላይታ ልጅ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን የማያውቀውን አማርኛ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛን ይጋፈጥ ነበር።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በአፈጻጸሙ ግን ክልሎች ተለያዩ። በኦሮሚያና በትግራይ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በቋንቋቸው ሲማሩ፣ ወላይታ በነበረችበት በቀድሞው የደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት ከ1ኛ እስከ 4ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከተማሩ በኋላ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ይህም ማለት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ክረምቱን ከብት ሲጠብቅ ከርሞ በመስከረም ሲመለስ፣ ባለፈው ዓመት በቋንቋው ይሰማው የነበረውን ትምህርት ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ያገኘዋል ማለት ነው።

ብዙ ወላጆች ይህን እንደ በጎ ነገር አዩት። «ልጄ ቶሎ እንግሊዝኛ ከጀመረ ቶሎ ይችላል» አሉ። ጋሼም በመጀመሪያ እንዲሁ ያስቡ እንደ ነበር ራሳቸው ነግረውናል። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ አንድ ሰፊ ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። ስምንቱን ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት አልተበለጡም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማንበብን አንድ ጊዜ በሚገባው ቋንቋ የተማረ ልጅ ያንኑ ችሎታ ወደ ሌላ ቋንቋ ይዞት ይሻገራል፤ በየትኛውም ቋንቋ ያልተማረ ግን የሚሻገርበት ነገር የለውም።

የነገሩ ክብደት በኋለኛው ዓመት ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ ሌሎችም ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ ሁሉንም በቋንቋ አናሳብብም። ይሁን እንጂ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጥያቄውን ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅ እንኳ አይጠቅመውም።

ጋሼ ያስተዋሏቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛው የፊደሉ ነገር ነው። ወላይትኛ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ብዙዎች «እንግዲያው እንግሊዝኛ ይቀልላቸዋል» ይላሉ። ፊደሉ አንድ ይሁን እንጂ ድምፁ አንድ አይደለም። ወላይታ «ጦሳ» ብሎ የአምላክን ስም ሲጽፍ የሚጀምረው እንግሊዞች «ኤክስ» በሚሉት ፊደል ነው። ስለዚህ ስድስት ቁጥርን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ያየ ልጅ «ሲክስ» በማለት ፈንታ «ሲጥ» ብሎ ያነባል። እንዲሁም «ሲ» የሚባለው ፊደል በወላይትኛ «ጭ» ነው። በወላይትኛ አንድ አናባቢ ተደግሞ ሲጻፍ ያው ድምፅ ይረዝማል እንጂ አይለወጥም። በእንግሊዝኛ ግን «ኦ» ሁለት ጊዜ ሲጻፍ «ኡ» ወደሚል ድምፅ ይለወጣል፤ ስለሆነም ልጁ «ቡክ» የሚለውን ቃል «ቦክ» እያለ ይጎትተዋል።

መምህራኑ ይህን የልጁ ስንፍና አድርገው ይቆጥሩት፣ አንዳንዱም በአርጩሜ ይቀጣበት ነበር። ጋሼ ግን «ልጁ አልተሳሳተም፤ ያስተማራችሁትን ሕግ በትክክል ጠብቋል። ሕጉ እዚህ እንደሚለወጥ ማን ነገረው?» ይሏቸው ነበር። ከዚያም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ፊደላቱን በሁለት ከፍለው ጻፉ። በአንድ ወገን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ድምፅ ያላቸው፣ በሌላው ወገን ድምፃቸው የሚለወጠው ተጻፉ። መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ይሰጣሉ፤ የሚለወጡት ግን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዳቸው በየሳምንታቸው ይሰጣሉ። ይህ ወረቀት ዛሬም በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል።

ሁለተኛው የጊዜው ነገር ነው። ጋሼ ሒሳብ ይወዱ ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ በክፍሉ 60 ተማሪ አለ እንበል። መምህሩ አንድ ቃል ሳይናገር ደቂቃውን ሁሉ ለተማሪዎች ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖር 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። በሳምንት ሦስት ደቂቃ ተናግሮ ቋንቋ የሚለምድ ማን ነው? መፍትሔያቸው ገንዘብ የማይጠይቅ ነበር። መምህሩ አንዲት ጥያቄ ካስጠና በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ከጎኑ ካለው ጋር እንዲጠያየቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ ሠላሳ ልጆች በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ክፍሉ ይንጫጫል። አንዳንድ ርእሰ መምህራን ሥርዓት የጠፋ መስሏቸው በር እስከ ማንኳኳት ደርሰዋል። ጋሼም በሩን ከፍተው «ይግቡ፣ ይስሙ፤ የሚንጫጩት በእንግሊዝኛ ነው» ይሏቸው ነበር።

ሦስተኛው የመምህሩ የራሱ ነገር ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ስለሚሰጥ፣ እንግሊዝኛውንም የሚያስተምረው ለእንግሊዝኛ ተለይቶ ያልሠለጠነ ሰው ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ በነበረው አሠራር ብዙዎቹ 10ኛ ክፍልን ጨርሰው አንድ ዓመት ብቻ ሠልጥነው የመጡ ወጣቶች ነበሩ። እነርሱም የተማሩት ሰሌዳ እየገለበጡ ነው፤ ያልተሰጣቸውን ከየት አምጥተው ይስጡ? ከሁሉም የሚከብዳቸው ፍርሃቱ ነበር። በባልደረባ ፊት ተሳስቶ መሳቂያ ከመሆን ዝም ማለት ይሻላል ብለው ለዓመታት ዝም ያሉ ነበሩ።

ስለዚህ ጋሼ በየጉድኝት ማዕከሉ የቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ጀመሩ። ከአምስትና ከስድስት ትምህርት ቤቶች የመጡ መምህራን ለሁለት ሰዓት ያህል በእንግሊዝኛ ብቻ ይነጋገራሉ፤ የሚመጣውን ሳምንት ትምህርትም አንዱ መምህር ሆኖ፣ ሌሎቹ ተማሪ ሆነው ይለማመዱታል። ሕጉ አንድ ነበር፤ በሌላው ስሕተት የሳቀ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሻይ ተከፈለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሚስቅ ጠፋ፤ ጋሼም «አሁን ሻዩን እኔው ልክፈል» አሉ።

ትምህርቱ እንዴት ይሄዳል?

ይህን በሌላ አካባቢ ለመጀመር ለምታስቡ የፕሮጀክት ሠራተኞች ቅደም ተከተሉን ባጭሩ እናስቀምጣለን።

በ1ኛ ክፍል ልጆች በእንግሊዝኛ አይጽፉም፤ ይሰማሉ፣ ያደርጋሉ። መምህሩ «ስታንድ አፕ» ሲል ይነሣሉ፣ «ሲት ዳውን» ሲል ይቀመጣሉ፣ «ኦፕን ዘ ዶር» ሲል አንዱ ሄዶ በሩን ይከፍታል። በዚሁ ዓመት በወላይትኛ ማንበብን አጥብቀው ይማራሉ። በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ፊደላቱ ቀደም ብለን በገለጽነው ቅደም ተከተል ይሰጣሉ፤ ልጆቹም በአፍ የለመዷቸውን ቃላት ብቻ ያነባሉ። የአረፍተ ነገሩ አሰካክም እዚህ ይለመዳል። በወላይትኛም በአማርኛም ግስ የሚመጣው በመጨረሻ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን መካከል ላይ ነው። ለዚህም ሦስት ልጆች ወደ ፊት ወጥተው አንዱ «ልጁ»፣ አንዱ «በላ»፣ አንዱ «ዳቦ» ይሆኑና በወላይትኛ ሥርዓት ይቆማሉ፤ መምህሩ ሲያጨበጭብ በእንግሊዝኛ ሥርዓት ቦታ ይለዋወጣሉ። ልጆቹ ከጨዋታ ለይተው አያዩትም።

4ኛ ክፍል የመሸጋገሪያ ዓመት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከሚመጣው የሳይንስና የሒሳብ መጽሐፍ በየሳምንቱ አሥር ቃል ተመርጦ አስቀድሞ ይጠናል። 5ኛ ክፍል ከደረሱም በኋላ መምህሩ አሳቡን በመጀመሪያ በወላይትኛ ያስረዳል፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ይነበባል። ይህ የተከለከለ የሚመስላቸው መምህራን ነበሩ። ጋሼ ግን «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ መረዳቱ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሁን» ይሉ ነበር።

ራዲዮም ረድቷል። በሀገራችን በተዘጋጁት የእንግሊዝኛ የራዲዮ ትምህርቶች ተናጋሪው ጠይቆ ልጆቹ እስኪመልሱ ዝም ይላል፤ መምህሩም ራሱ አብሮ ይማራል። በአንጻሩ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት መሠራጨት የጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ፍጥነቱና አነጋገሩ ለገጠር ልጅ እንደ ከበደ ብዙ መምህራን ይናገሩ ነበር። ጋሼ መሣሪያን አይንቁም ነበር፤ የሚጠይቁት «ልጁን ይጠብቀዋል ወይ?» ብለው ነበር።

የላክናቸው መጻሕፍት

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ከደጋፊዎቻችን፣ ከውጭም ከሀገር ውስጥም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት በካርቶን ይላኩልን ነበር። በፍቅር የተላኩ ስለ ነበሩ በደስታ ተቀብለን ለትምህርት ቤቶች አከፋፈልን፤ ፎቶግራፍም አነሣን። ሦስተኛው ጭነት ሲደርስ ግን ጋሼ የርክክቡን ወረቀት አልፈርምም አሉ። ተቆጣን። «ሰው የሰጠንን እንዴት እንመልሳለን?» አልናቸው። እርሳቸውም ክርክር ሳያበዙ ከእኛ ሁለታችንን ይዘው ወደ ሦስት ትምህርት ቤቶች ሄዱ። በሦስቱም መጻሕፍቱ በቁልፍ ተቆልፎባቸው ነበር። መጽሐፍ ከጠፋ መምህሩ ከደመወዙ ስለሚከፍል ማንም ሊያወጣቸው አልደፈረም። አውጥተን ብናያቸው ደግሞ ስለ በረዶና ስለ ባቡር፣ ስለ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት የሚያወሩ፣ የ8ኛ ክፍል ልጅ እንኳ የማይዘልቃቸው ነበሩ።

በዚያው ሰሞን፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በልዩ ልዩ የሀገራችን ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች በገዛ ቋንቋቸው አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። በቋንቋው ገና ላላነበበ ልጅ የእንግሊዝኛ ተረት በካርቶን መላክ፣ ለራበው ሰው ምግብ የሌለበት ሳሕን እንደ ማቅረብ ነበር።

ጋሼ የጠየቁን ወረቀት፣ የማባዣ ቀለምና ጠመኔ ነበር። ከመምህራኑ ጋር ሆነው ስለ እንሰት፣ ስለ በሬ፣ ስለ ቦዲቲ ገበያ፣ ስለ ዳሞታ ተራራ የሚያወሩ ባለ ስምንት ገጽ ትንንሽ መጻሕፍት አዘጋጁ፤ በአንዱ ገጽ በወላይትኛ፣ ፊት ለፊቱ በእንግሊዝኛ። እያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤት ይዞት እንዲሄድ ተፈቀደ። ቢቀደድ ሌላ ይባዛል። ማታ በኩራዝ ብርሃን ልጅ ሲያነብ እናት በወላይትኛ የተጻፈውን ትሰማለች። ይህም በዚያ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከአያቶቻቸው ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ቃሉን ራሳቸው ለማንበብ ብለው ነውና።

የድርቁ ዓመት

በ2008 ዓ.ም. በሀገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ባስፈለገው ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤታችን የመምህራኑን የቅዳሜ ስብሰባ በጀት ወደ እህል ግዢ አዛወረው። ጋሼ ተቃወሙ ብለን ጠብቀን ነበር፤ አልተቃወሙም። «የራበው ልጅ ምን ይማራል? ውሰዱት» አሉ። «ነገር ግን ዝናቡ ሲመለስ ገንዘቡም ይመለስ» ብለው ጨመሩ። ዝናቡ ተመለሰ፤ ገንዘቡ ግን ሁለት ዓመት ዘገየ። ማንም በክፋት አልያዘውም። አስቸኳይ ነገር ሁልጊዜ ሌላ አስቸኳይ ነገር ያስከትላል፤ የትምህርት ጉዳይ ደግሞ ነገ ቢሠራም ማንም አይሞትም እየተባለ ይተላለፋል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጋሼ በራሳቸው ደመወዝ ሻይ እየገዙ ስብሰባውን በሁለት ማዕከሎች ብቻ አቆዩት። የቀሩት ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ይህን የምንጽፈው ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን በእጅ የነበሩት ትንንሽ መጻሕፍት ጠቀሙ። የትኛውም ቁም ሣጥን ውስጥ ስላልተቆለፉ ከልጆቹ ጋር በየቤቱ ነበሩ።

ምን እናድርግ?

ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ከ8ኛ ክፍል አላለፈችም። ጋሼ በገበያ ቀን ሲያገኟት «አንቺን ዘግይቼ ነው ያገኘሁሽ» ይሏት እንደ ነበር እርሷው ራሷ በቀብራቸው ዕለት ነግራናለች። ልጇ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ነው፤ በወላይትኛ ያነባል። ወደ 5ኛ ክፍል ሲደርስ የሚጠብቀው መምህር ምን ዓይነት መምህር ይሆን? ይህ ጥያቄ በእኛና በእናንተ እጅ አለ።

ስለዚህ አጥቢያዎችን የምንለምነው ይህን ነው። ከማንም በፊት ሳትጠይቁን የመጻሕፍት ካርቶን አትላኩ፤ ወረቀትና ማባዣ የሚገዛ ገንዘብ ይሻላል። እንግሊዝኛ የሚችሉ ጡረተኛ መምህራንና የኮሌጅ ተማሪዎች በመካከላችሁ ካሉ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለመምህራኑ ስብሰባ እንዲሰጡ አበረታቱ፤ ሊያስተምሯቸው ሳይሆን ሊያነጋግሯቸው። የአጥቢያችሁን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ክፈቱና ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡበት ስፍራ አድርጉት። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ በክፉ ቀን የትምህርቱን በጀት ብታዛውሩ አንወቅሳችሁም፤ ነገር ግን የሚመለስበትን ወር በዚያው ደብዳቤ ላይ ጻፉ።

የቅዳሜው ስብሰባ አሁን በመምህራኑ በራሳቸው እየተመራ ቀጥሏል። የሳቀ ዛሬም ሻይ ይከፍላል። በጸሎታችሁ አስቧቸው፤ የጋሼን ቤተሰብም እንዲሁ።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።